ቦሊቪያን ያደኸያት ባሕር ማጣቷ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እናትህስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ተጠፋፍተን ሰላምታውን በቅጡ ሳልጨርስ ክርክር ልጀምርህ ነው፤ መቼም ጠባዬን ታውቀዋለህ። በመጨረሻው ደብዳቤህ «የባሕር በር ያጣች አገር ዕጣዋ የቦሊቪያ ነው» ብለኸኝ ነበር። ነገሩ ሲከነክነኝ ስለዚያች የደቡብ አሜሪካ አገር ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

በአንተው ጉዳይ፣ በባሕሩ ልጀምር። ቦሊቪያና ቺሌ በ1874 ሲዋዋሉ፣ በአታካማ በረሃ ናይትሬት የተባለውን የማዳበሪያ ማዕድን የሚያወጡ ቺሌያውያን ለ25 ዓመታት አዲስ ግብር እንዳይጣልባቸው ተስማምተው ነበር። በ1878 የቦሊቪያ መንግሥት በአንድ ኩንታል 10 ሳንቲም ጣለ። ማዕድኑን የሚያወጣው ኩባንያ አልከፍልም ሲል ንብረቱ ለሐራጅ ተዘጋጀ። ሐራጁ በተቆረጠበት ዕለት፣ በ1879 ፌብሩዋሪ 14፣ አንቶፋጋስታ ወደብ ላይ የወረደው ተጫራች ሳይሆን የቺሌ ጦር ነበር። ያች 10 ሳንቲም የባሕር ዳርቻውን በሙሉ አስበላች። በ1904ቱ ውል ቺሌ መሬቱን ለዘለቄታው ወሰደች፤ በምትኩም ከአሪካ ወደብ እስከ ቦሊቪያ መንግሥት መቀመጫ እስከ ላ ፓዝ የባቡር ሐዲድ ዘረጋችላቸው። ቦሊቪያ ዛሬም በቲቲካካ ሐይቅ ላይ ባሕር ኃይል አላት፤ በየዓመቱ ማርች 23 ቀንም የባሕር ቀን ታከብራለች። አትሳቅ፤ እኛም ያለ ባሕር ባሕር ኃይል አቋቁመናል።

ይሁንና ባሕሩ ሳይወሰድ ሕዝቡ ጠግቦ ያድር ነበር? ስፔኖች በ1545 የፖቶሲን የብር ተራራ ካገኙ በኋላ፣ የንጉሡ እንደራሴ ፍራንሲስኮ ደ ቶሌዶ ከነባሩ ሕዝብ ለሥራ ከደረሱት ወንዶች ሰባተኛው እጅ በየተራ ጉድጓድ እንዲገባ ደነገገ። ብሩ በመርከብ ሄደ፤ ሬሳው እዚያው ቀረ። በ1825 ነጻነት ታወጀ፣ አገሪቱም በነጻነት መሪው በቦሊቫር ስም ተጠራች። እሱ የሻረው የነባሩ ሕዝብ ግብር ግን በዓመቱ ተመለሰና አዲሱን መንግሥት ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀለበ። ታዲያ ነጻ የወጣው ማን ነው?

ገበሬው የባለርስቱን እርሻ ያለ ክፍያ ያርስ ነበር። ተራው ሲደርስ ደግሞ ከነቤተሰቡ ጌታው ቤት ገብቶ እንጨት ይፈልጣል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ከብት ይጠብቃል። የእኛ ጭሰኛ ቢሰማው እንግዳ አይሆንበትም። ፕሬዚዳንት ቪያሮኤል በ1945 ይህን የቤት አገልግሎት በዐዋጅ አገደ። በዓመቱ፣ ሌላም ብዙ ጠላት አፍርቶ ነበርና፣ አመፀኞች ገድለው በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ መብራት ምሰሶ ላይ ሰቀሉት።

አሁን ላስተዋውቅህ የምፈልገው ሰው ቪክቶር ፓዝ ኤስቴንሶሮ ነው። በ1951 በስደት ላይ ሳለ በፕሬዚዳንት ምርጫው በድምፅ ብልጫ መራ፤ ጦሩ ግን ሥልጣኑን ነጠቀ። በኤፕሪል 1952 የማዕድን ሠራተኞችና ፖሊሶች ሦስት ቀን ተዋግተው ጦሩን አሸነፉና እሱ ተመልሶ ገባ። ማንበብና መጻፍ ለማይችለው ሁሉ፣ ለሴቶችም ጭምር፣ የመምረጥ መብት ሰጠ፤ የሦስቱን የቆርቆሮ ከበርቴዎች ማዕድን ወረሰ፤ በ1953 ኡኩሬኛ በምትባል የገበሬ መንደር የመሬት ዐዋጁን ፈረመ። የእኛ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ እዚያ ነገሩ ዓመታት አልፎት ነበር።

ጉዱ የመጣው ኋላ ነው። በ1985 የዋጋ ንረቱ በመቶኛ ሲሰላ ሺዎች ገባ። ብር እንደ ጭድ በሸክም ይዞ ገበያ መውጣት የተለመደ ሆነ። ያው ፓዝ ኤስቴንሶሮ፣ በ77 ዓመቱ፣ ለአራተኛ ጊዜ ፕሬዚዳንት ሆነና ቁጥር 21060 የተባለውን ዐዋጅ ፈረመ። ገበያው ተለቀቀ፤ ራሱ ከወረሰው ማዕድን ከ20,000 በላይ ሠራተኞች ተሰናበቱ። ሥልጣን ላይ የመለሱት ማዕድን ቆፋሪዎች ነበሩ እኮ! አንተ ከሃዲ ትለዋለህ፤ ቃልህ ከአሁኑ ይሰማኛል። እኔ ግን አልፈርድበትም፤ ካዝናው ባዶ ነበር፣ የቆርቆሮ ዋጋም በዚያው ዓመት ወደቀ። የማልምረው ለተባረሩት መጠጊያ ሳያዘጋጅ ማባረሩን ነው።

እነዚያ ሰዎች ግማሾቹ ከላ ፓዝ በላይ ወዳለችው ኤል አልቶ፣ ግማሾቹ ኮካ የተባለው አነቃቂ ቅጠል ወደሚበቅልበት ቻፓሬ ፈለሱ፤ የማኅበር አደራጃጀቱንም ይዘው ሄዱ። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ኤቮ ሞራሌስ የወጣው ከቻፓሬ የኮካ ገበሬዎች ማኅበር ነው። በ2003 የተፈጥሮ ጋዝ በቺሌ ወደብ በኩል ሊሸጥ ነው ሲባል መንገዱን ዘግቶ ፕሬዚዳንቱን ያባረረውም የኤል አልቶ ሕዝብ ነው። እዚህ ላይ የባሕሩ ጉዳይ ተመልሶ መምጣቱን አምንልሃለሁ፤ ያም ሆኖ ያለ ተባረሩት ሰዎች ቁጣው ያን ያህል ጉልበት አይኖረውም ነበር።

የሞራሌስን ታሪክ ጋዜጣ ላይ ስላነበብከው አላሰለችህም። በ2009 ለነባር ሕዝቦች ሰፊ መብት የሰጠ ሕገ መንግሥት አጸደቀ፤ በ2016 ሕዝቡ ለአራተኛ ጊዜ አትወዳደር ብሎ ድምፅ ሲሰጥ አልሰማም አለ፤ በ2019 ከአገር ወጣ። የገዛ ፓርቲው ለሁለት ተሰንጥቆ በ2025 ምርጫውን ተሸነፈ።

እንግዲህ ስለ ፓዝ ኤስቴንሶሮ ፍርድህን ጽፈህ ላክልኝ። ስድብ ካለበትም አልቀየምም፤ ብቻ እንደ ባለፈው አታዘግየው። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ