ለቋንቋ ሞዴል የሚሰጥ መመሪያ ምክንያቱም ይጻፍለት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጠቃቀም ላይ በቅርቡ ያወጣችሁት ጽሑፍ ለቋንቋ ሞዴሎች፣ ማለትም የተጻፈላቸውን አንብበው በጽሑፍ ለሚመልሱ ፕሮግራሞች፣ የሚሰጥ መመሪያ ከሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳይበልጥ ይመክራል። እንዲህ ዓይነት መመሪያዎችን መጻፍና ማረም የዕለት ሥራዬ በመሆኑ፣ ምክሩ በአንባቢ ዘንድ እንደ ደንብ ከመያዙ በፊት አስተያየቴን ለማካፈል ወደድሁ። ጸሐፊው ረጃጅም መመሪያዎች ሞዴሉን ያደናግሩታል ማለታቸው በብዙ አጋጣሚ እውነት ነው። የማልስማማው በመድኃኒቱ ነው፤ እናሳጥር ሲባል መጀመሪያ የሚቆረጠው ማብራሪያው ስለሆነ፣ የሚቀረው ሞዴሉን ይበልጥ የሚያሳስት ደረቅ ትእዛዝ ነው።

የማሳጠር ምክር በጊዜው ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኦፕንኤአይ ኩባንያ የቋንቋ ሞዴል ጂፒቲ-3 መመሪያውን፣ የሚሠራበትን ጽሑፍና የራሱን መልስ ጨምሮ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው 2,048 ቶክን፣ ማለትም ጽሑፍን ከፋፍሎ የሚያነብባቸውን ቁርጥራጮች፣ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ የሠለጠነው የተጀመረ ጽሑፍን ለመቀጠል እንጂ የታዘዘውን ለመፈጸም ስላልነበር፣ ከማስረዳት ይልቅ ሁለት ሦስት ምሳሌ ማሳየት የተሻለ ውጤት ያስገኝ ነበር። በ2022 ኦፕንኤአይ በሰዎች ምዘና ላይ ተመርኩዞ መመሪያ እንዲከተል ያሠለጠነው ባለ 1.3 ቢሊዮን ፓራሜትር (በሥልጠና የሚስተካከሉ የሞዴሉ ውስጣዊ ቁጥሮች) ሞዴል፣ በመዛኞች ዘንድ ከባለ 175 ቢሊዮኑ ጂፒቲ-3 ይልቅ ተመራጭ ሆነ። በ2023 የአንትሮፒክ ክሎድ 100,000 ቶክን፣ በ2024 ደግሞ የጉግል ጀሚናይ 1.5 ፕሮ እስከ 1 ሚሊዮን ቶክን ለመያዝ በቁ። ቦታ ጠበበ ብሎ ማሳጠር ዛሬ ብዙም አያስኬድም።

አንድ የተለመደ ሥራ እንውሰድ። «ይህን ቃለ ጉባኤ አጠቃልል» ብቻ የተባለ ሞዴል ማጠቃለያውን ማን እንደሚያነበውና ለምን እንደሚፈለግ አያውቅም፤ ስለዚህ ለሁሉም ይሆናል ብሎ የገመተውን ይጽፋል፣ የመክፈቻ ንግግሩንና ዋናውን ውሳኔም በእኩል ቦታ ያስቀምጣቸዋል። ጠያቂው ግን አንባቢዋ በስብሰባው ላይ ያልተገኙ የሥራ ኃላፊ መሆናቸውን፣ የሚፈልጉትም የተወሰነውን ነገርና ለማን ምን ሥራ እስከ መቼ እንደተሰጠ መሆኑን፣ ክርክር ተደርጎበት በይደር የተያዘ ጉዳይ እንደ ውሳኔ መጻፍ እንደሌለበት፣ ቃለ ጉባኤው ቀን ካልጠቀሰም ሞዴሉ ከራሱ ሳይሞላ «ቀን አልተቆረጠም» ብሎ እንዲያሰፍር ቢነግረው፣ መመሪያው አንድ ሙሉ አንቀጽ ይወጣዋል። ከዚህ ውስጥ ትርፍ የሚባለው የትኛው ነው? ለአዲስ ባልደረባ ሥራ የሚያስረክብ ሰው ይህን ሁሉ በቃል ይነግረዋል፤ አዲሱ ሠራተኛ ግር ያለውን ነገር አጠገቡ ያለውን ሰው ጠይቆ ይረዳል፣ ሞዴሉ ግን በእጁ ያለው የተጻፈለት ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ምክንያቱን መናገር ነው። የደንበኞችን ጥያቄ እንዲመልሱ በሚዘጋጁ ሞዴሎች መመሪያ ውስጥ «የሕግ ምክር አትስጥ» የሚል መስመር የተለመደ ነው። ደንበኛው «ውሌን ለማፍረስ ከስንት ቀን በፊት ማሳወቅ አለብኝ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ በውሉ ላይ በግልጽ ተጽፎ እያለ ሞዴሉ «ጠበቃ ያማክሩ» ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። በምትኩ «ደንበኛው መልሳችንን እንደ ጠበቃ ምክር ቆጥሮ ኋላ በክርክር እንዳይጎዳ እንሰጋለን፤ በውሉ ላይ የሰፈረውን ግን ቃል በቃል ጠቅሰህ አስረዳው» ቢባል መስመሩ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል፤ ሞዴሉም ማንም አስቀድሞ ያላሰበው ጥያቄ ሲመጣ በየትኛው ወገን እንደሚመድበው ፍንጭ ያገኛል።

ጸሐፊው ያማረሩባቸው መመሪያዎች እንዴት እንደሚወለዱ በሙያው ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ቅሬታ በመጣ ቁጥር አንድ መስመር ይጨመራል፤ የሚቀንስ የለም። ውሎ አድሮ ከላይ «በአጭሩ መልስ»፣ ከታች ደግሞ «አንድም ዝርዝር ሳታስቀር አስረዳ» የሚል ሰነድ ይሆናል። «በፍጹም» እና «የግድ» በየዓረፍተ ነገሩ ስለሚደጋገሙ ዋናው ከተራው አይለይም፤ እንዲያውም ሞዴሉን ጥንቃቄ በማያሻው ነገር ሁሉ ከልክ በላይ ጠንቃቃ ያደርጉታል። ምሳሌም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል፦ አንድ ናሙና ደብዳቤ ብቻ ከተሰጠው ሞዴሉ የደብዳቤውን መክፈቻ፣ ርዝመትና የአንቀጽ ብዛት ሳይቀር ይገለብጣል፤ እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ናሙናዎችን መስጠት ይሻላል።

ርዝመት ዋጋ አያስከፍልም አልልም። ሞዴሉ ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው በራሱ የሚያስታውሰው ነገር ስለሌለ መመሪያው በየጊዜው እንደገና ይላክለታል፣ ክፍያውም በቶክን ይሰላል (አንዳንድ አቅራቢዎች ለሚደጋገመው ክፍል ቅናሽ ማድረጋቸው ይታወቃል)። በአማርኛ ለምንጽፍ ሒሳቡ ይከብዳል፤ ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚመዘግቡበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ ብዙዎቹ የቶክን ሰንጠረዦችም በአመዛኙ እንግሊዝኛ ከሆነ ጽሑፍ ስለተዘጋጁ ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ይበተናል። በ2023 የወጣ ጥናትም የጊዜው ሞዴሎች በረጅም ጽሑፍ መሃል ያለን መረጃ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ካለው ያነሰ እንደሚጠቀሙበት አሳይቷል። እነዚህ ሁሉ አንድ መስመር ለምን እንደተጻፈ የሚናገርለት ሰው ከታጣ መስመሩን ለመሰረዝ በቂ ምክንያት ናቸው።

የመመሪያ ርዝመት የማይፈታው ነገርም አለ። ሞዴሉ ትእዛዙንም እንዲያነብ የተሰጠውንም ሰነድ እንደ አንድ ተከታታይ ጽሑፍ ስለሚቀበል፣ ከውጭ በመጣ ሰነድ ውስጥ የተሸሸገ «የቀደመውን መመሪያ ተወው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊያስተው ይችላል። ስለዚህ ሞዴሉ ገንዘብ የማዘዋወር ወይም ፋይል የመሰረዝ ሥልጣኑ መገደብ ያለበት በመመሪያው ሳይሆን በፕሮግራሙ የፈቃድ ሥርዓት ነው።

ጋዜጣችሁ ናሙና መመሪያዎችን ማውጣቱን ከቀጠለ፣ እያንዳንዱ ናሙና ለየትኛው ሥራ እንደተጻፈ፣ በምን ዓይነት ጥያቄዎች እንደተሞከረና ሲሞከርም የት ላይ እንደተሳሳተ አብሮ እንዲታተም እጠይቃለሁ። አንባቢው ለራሱ ሥራ የትኛውን መስመር እንደሚያስቀርና የትኛውን እንደሚጥል መወሰን የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ