ባቡሩ ሐረር የማይወጣው ለምንድን ነው? (ደብዳቤ ለልጄ)

ይድረስ ለልጄ ለሰብለ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ለቋታል።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ስታዪ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ባለፈው እሁድ ስትደውዪ ግን ጥያቄ ጠየቅሽኝ፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠ፣ መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። "አባዬ፣ ባቡሩ ድሬዳዋ ጥሎኝ ያንን ሁሉ ዳገት በሚኒባስ ታጭቄ ወጣሁ። እዛ ድረስ ከመጣ ሐረር ቢገባ ምን ነበረበት?" አልሽኝ። ይሄ በቴሌግራም ድምፅ የሚመለስ ነገር አይደለም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

መልሱ ያማረርሽበት ዳገት ራሱ ነው። ደንገጎ።

እኔ ደንገጎን በተሳቢ ስንት ጊዜ እንደወጣሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ጭነት ይዘሽ ከሆነ በከባድ ማርሽ ትገቢያለሽ፣ ከዚያ ጸሎት ነው። ቢሆንም መኪና ይወጣዋል፣ ጎማው አስፋልቱን ይነክሳልና። ባቡር የሚሄደው ብረት በብረት ላይ ነው። ሜዳ ላይ ይሄ በረከት ነው። አንዴ ከተነሳ ብዙ ጭነት በትንሽ ጉልበት ይዞ ይነጉዳል። ዳገት ላይ ግን ያው በረከት ይገለበጣል፤ መንኮራኩሩ ባለበት መሽከርከር ይጀምራል። ስለዚህ የባቡር መሐንዲሶች ዳገትን የሚቆጥሩት በሺህ ነው። አንድ ሺህ ሜትር ተጉዞ 25 ሜትር ከፍ ካለ ለእነሱ ከባድ ዳገት ነው። ለእኛ ለሾፌሮች ይሄ ማርሽ እንኳን አያስቀይርም።

እስቲ አስዪው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዳገቱን ጨርሰሽ ወደ ሐሮማያ ሜዳ ስትወጪ 2,000 ሜትር አካባቢ ነሽ። 800 ሜትር፣ በሺህ 25 ሒሳብ፣ ቢያንስ 32 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል፣ ያውም አንድም ቦታ ሳያርፍ። ደንገጎ ላይ ቆመሽ ቁልቁል ስታዪ ደግሞ ሜዳው እግርሽ ሥር ነው። ያን 32 ኪሎ ሜትር የት ታጥፊዋለሽ? ገደሉ ላይ እየተጠማዘዝሽ፣ ድንጋይ እየፈለፈልሽ፣ ድልድይ እየሠራሽ ነው። ይቻላል። ገንዘብ ካለ።

ገንዘቡ ግን አልነበረም። ታሪኩ እዚህ ላይ ነው የሚጣፍጠው።

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥመር ፈቃድ ሰጡት። ኢልግ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነው፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ብዙ የሠራ። ዕቅዱ ሦስት ምዕራፍ ነበረው። መጀመሪያ ከጅቡቲ ሐረር፣ ቀጥሎ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያ ከእንጦጦ በከፋ በኩል አድርጎ ነጭ ዓባይ ድረስ። በወረቀት ላይ ጉዳዩ እንዴት እንደሚያምር አየሽ? ኢልግ ደግሞ ዳገት የማያውቅ ሰው አልነበረም። አገሩ ተራራ ነው። እሱ ወደ እኛ ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1871፣ እዚያ ሪጊ የሚባል ተራራ ላይ በጥርስ የሚወጣ ባቡር ተሠርቶ ነበር። በሃዲዶቹ መሃል እንደ መሰላል ያለ ጥርሳም ብረት ይነጠፋል፣ ከባቡሩ ሥር ያለው ጥርሳም መንኮራኩር እሱን እየነከሰ ይወጣል። ለቱሪስት ግሩም ነው። ግን እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው። ቡና ከሐረር አውርዶ፣ ጨርቅና ብረት ከወደብ ለሚያወጣ የጭነት መሥመር አይሆንም።

ግንባታው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሳ። ሙቀቱ፣ የውሃ እጦቱ፣ መሬታችን ተነካ የሚሉ የኢሳ ጎሳዎች ጥቃት፣ ሁሉም ሥራውን ያዘገየው ነበር። ደንገጎ ሥር ሲደርሱ ኪሳቸው ሳስቷል። ሐረር ይቅር ተባለ። ሃዲዱ ከተራራው ግርጌ ቆመና በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. የመጀመሪያው ክፍል ተከፈተ። ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል። ቦታው ላይ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ያወጡለት ስም ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? "አዲስ ሐረር"። ሐረር መውጣት ቢያቅታቸው ሐረርን ወደ ታች አወረዷት! ስሙ አልያዘም፣ ከተማዋ ግን ያዘች። ዛሬ ድሬዳዋ የምትዪው እሱ ነው። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ሄደሽ መንገዱ በመስመር የተዘረጋ፣ ዛፍ የበዛበት ሆኖ ካየሽ፣ ያ የባቡሩ ሰዎች ሰፈር ስለነበረ ነው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረሽ መጋላ ሰፈር ስትገቢ ሌላ ዓለም ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሳጥረዋለሁ፣ የፖለቲካ ጭቅጭቅ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት እጁን አስገባ፣ ምኒልክ ተቆጡ፣ እንግሊዝ ተቃወመ፣ ኩባንያው ከሰረ። ሃዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆሞ ቀረ። በኋላ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር፣ የሃዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። ጠባብ ሃዲድ ጠባብ ኩርባ ላይ መታጠፍ ይችላል። ለገደል አገር የተመረጠ ነው ማለት ነው። ለገሃር የምንለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፣ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን "ላ ጋር" ስለሚሉት።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ የሚመጣ ባቡር ሁልጊዜ የሚወጣ ይመስልሻል፣ አይደል? አይደለም። መጀመሪያ ወደ አዋሽ ይወርዳል፣ 1,000 ሜትር ገደማ ድረስ። ያገኘውን ከፍታ ይመልስና እንደገና ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ለነዳጅ ለሚያስብ ሰው ይሄ ልብ ያቆስላል።

እኔ ያንን አሮጌ ባቡር የተሳፈርኩት በ1965 ነው፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ። አያትሽ እህቷን ልትጠይቅ ድሬ ስትሄድ ይዛኝ ሄደች። ሦስተኛ ማዕረግ፣ የእንጨት ወንበር። ጣቢያ በደረስን ቁጥር ሴቶች በመስኮት ብርቱካን፣ ቆሎ፣ ወተት ያቀብላሉ፣ ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር መልስ ይዘው ይሮጣሉ። አንድ ኩርባ ላይ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ፊት ለፊታችን ሎኮሞቲቭ አየሁ። "እማዬ፣ ሌላ ባቡር መጣብን!" ብዬ ጮህኩ። የራሳችን ጭንቅላት ነበር። ፉርጎው በሙሉ ሳቀብኝ። አያትሽ እስክትሞት ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንን ታወራው ነበር።

ይሄ ነገር በመኪና አይደርስም። የምትሄጂበትን ነገር ከውጭ ሆነሽ ታዪዋለሽ።

ከእኛም የባሰ ዳገት የወጣ አለ፣ የምፅዋ–አስመራው። ጣሊያኖች የጀመሩት ከዶጋሊ ሽንፈት በኋላ ወታደርና ጥይት ወደ ሰሐጢ ለማድረስ ነው፤ በ1880 ዓ.ም. እዚያ ደረሱ። አስመራ የገቡት ግን በ1904 ነው! 118 ኪሎ ሜትር ሃያ ምናምን ዓመት ፈጀባቸው። የድሬዳዋው 310 ኪሎ ሜትር አምስት ዓመት ብቻ ነው የወሰደው። ልዩነቱ ሌላ አይደለም፣ ዳገት ነው። ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ወደ 30 በሚጠጉ ዋሻዎች ውስጥ እየገባ እየወጣ። በጦርነቱ ጊዜ ሃዲዱ ተነቃቅሎ ምሽግ ሆነ። ኤርትራ ነፃ ከወጣች በኋላ ጡረታ የወጡ አዛውንት የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው መጡና ያንን ሃዲድ መልሰው ዘረጉት። በ1995 ዓ.ም. ባቡሩ እንደገና አስመራ ገባ። የሰባና የሰማንያ ዓመት ሰዎች ናቸው እንግዲህ። እኔ ጉልበቴን ያመኛል ብዬ ደረጃ ስሸሽ እነሱን አስታውሳለሁ።

ሁሉ ጣፋጭ ነው ብዬ ግን አልዋሽሽም። በጥር 1977 አዋሽ አካባቢ አንድ የመንገደኛ ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ኩርባ ውስጥ ገባ። ድልድዩ ላይ ከሃዲዱ ስቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ያኔ የከባድ መኪና ረዳት ነበርኩ፣ ወሬውን ናዝሬት ሰማሁ። ሾፌሮቹ በሙሉ ዝም አሉ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲል ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው አያወራም።

ከዚያ በኋላ ባቡሩ ቀስ በቀስ ደከመ። የድሬ ሰዎች "እናንተ ናችሁ የገደላችሁት" ይሉን ነበር፣ እኛን የተሳቢ ሾፌሮችን። ትንሽ እውነት አለው። ጭነቱን እኛ ወሰድነው። ግን ሃዲዱም እንጨቱ በስብሶ፣ መለዋወጫ ጠፍቶ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባና ድሬዳዋ መሃል የመንገደኛ ባቡር ቀረ። ተፎካካሪዬ ሲሞት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

አንቺ የተሳፈርሽው መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀውን ነው፣ መደበኛ ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 2010። በኤሌክትሪክ ነው፣ ሃዲዱ ሰፊ ነው። "ለቡ ላይ ተሳፍሬ ተኝቼ ሄድኩ" ስትዪኝ አልገረመኝም። ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን ሞልተው፣ ኩርባውን አቅንተው ነው የሠሩት። ተራራው እንዳይሰማሽ ተብሎ የተሠራ ነው። ጎበዝ ሥራ ነው፣ አልነቅፍም። ግን እሱም ቢሆን ደንገጎን ቀና ብሎ አይቶ በሜዳው አለፈ። ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ያ ሁሉ ማሽንና ገንዘብ መጥቶ፣ ዳገቱ ያው መልስ ነው የሰጠው። ስለዚህ ሚኒባስሽን አትርገሚ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም የታጨቅሽው።

አሁን ሁለት ነገር ላስቸግርሽ። ለፋሲካ ስትመጪ ከአዋሽ እስከ አዳማ አትተኚ። ስልክሽ ላይ ከፍታ የሚቆጥር ነገር ካለ ክፈቺውና ቁጥሩ ሲያድግ እዪ፤ ስንት ላይ እንደጀመርሽ፣ ስንት ላይ እንደጨረስሽ ጻፊልኝ። ሌላው፣ ድሬ በምትወርጂበት ቀን ከዚራ ያለውን አሮጌውን ጣቢያ ጎራ ብለሽ እዪልኝ። ከኋላው ያለው ጋራዥ ውስጥ የድሮዎቹ ማሽኖች አሉ። አንድ ሽማግሌ ካገኘሽ ሰላም በዪና ጠይቂ፣ ያን የእንጨት ወንበር ያለውን የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ የት እንዳደረሱት። ካለ ፎቶ አንሺልኝ።

እናትሽ በሶና ድርቆሽ አዘጋጅታለች፣ የጎረቤታችን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያ ስለሚሄድ በእሱ እንልካለን። ስልክሽን ሰጥቼዋለሁ፣ ሲደውል አንሺ።

አባትሽ