«በ» ስትይ ቆም በይ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ሀዋሳ ሞቃለች፣ ዝናቡም ገና ነው።

በቴሌግራም የላክሽልኝን የሥራ ማመልከቻ አነበብኩት። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ያስቸገሩሽ ያው ትንንሾቹ ቃላት ናቸው፤ ኢን፣ ኦን፣ አት፣ ፎር። ተማሪዎቼን «በአማርኛ አስባችሁ በእንግሊዝኛ አትጻፉ» እያልኩ የምቆጣበት ነገር እኛም ቤት ገብቷል!

ጥፋቱ የ«በ» ነው። በአዳማ፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በሰኔ፣ በባጃጅ፣ በእስክሪብቶ እንላለን። አንዷ «በ» ለሁሉም ትበቃናለች። እንግሊዝኛ ግን ሥራውን ያከፋፍላል። ከተማው «ኢን አዳማ» ነው፤ ዩኒቨርሲቲው «አት»፤ ተመረቅሁ ስትይ ደግሞ «ግራጁዌትድ ፍሮም»። ሰኔ 2017 «ኢን ጁን 2025» ነው። ቀኑን ከጠቀስሽ ግን፣ ለምሳሌ ሰኔ 15 ቢሆን፣ «ኦን ጁን 22» ይሆናል። ሰዓት ምንጊዜም «አት» ነው። የጠዋቱን 2 ሰዓት ግን «አት ኤይት» በይ፤ «አት ቱ» ብለሽ ሰዎቹን በሌሊት እንዳትቀሰቅሻቸው።

ሐይቃችንን አስቢው። አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ ስንበላ «አት ዘ ሌክ» ነን። ጀልባው «ኦን ዘ ሌክ» ነው። ዓሣው ሳይጠበስ በፊት «ኢን ዘ ሌክ» ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። መጓጓዣም ላይ ቢሆን፣ ቆመሽ የምትራመጂበት «ኦን» ነው፤ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን። ጎንበስ ብለሽ የምትገቢበት ባጃጅ ግን «ኢን» ነው።

ከግስና ከቅጽል ጋር የሚሄዱት እንዲህ አይገራሉም። «አፕላይ ፎር» ለሥራው ነው፣ «አፕላይ ቱ» ለድርጅቱ። «ኢንተረስትድ» ከ«ኢን» ጋር ነው፣ አንቺ «ኦን» ብለሻል። በኮምፒውተር ጎበዝ ነኝ ለማለት «ጉድ አት»። «ዲስከስ» ላይ የጨመርሽውን «አባውት» አውጪው፤ «ስለ» ለምዶብን ነው። እነዚህን በዝርዝር መሸምደድ አልወድም፣ ከፈተና ማግስት ይጠፋል። አዲስ ቃል ስታገኚ ከነጓደኛው ደብተርሽ ላይ ጻፊው፣ ያ ይበቃል።

የምር ያሳሰበኝ የመጨረሻው መስመር ነው። ማስረጃዬን እስከ ዓርብ እልካለሁ ለማለት «አንቲል ፍራይደይ» ብለሻል። እንዲህ ሲሆን እስከ ዓርብ ድረስ ሳታቋርጪ ስትልኪ ልትከርሚ ነው። ዓርብ ሳያልፍ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር «ባይ ፍራይደይ» ይባላል። «አንቲል» የሚሆነው እስከ ዓርብ እቤት ነኝ ስትይ ነው። የእኛ «እስከ» ሁለቱንም ስለሚሸከም ጎበዝ ተማሪም ይሳሳታል። መሥሪያ ቤት ግን ቀን ላይ ቀልድ አያውቅም።

ሌላውን አልነካሁትም፤ አጻጻፉ ያንቺው ይሁን። አስተካክለሽ ነገ ማታ ላኪልኝ። አባትሽ ሰላም ብሎሻል፤ ታናሽ ወንድምሽም ቻርጀሬን ይዛብኝ ሄዳለች እያለ ነው።

እናትሽ
ከሀዋሳ