የክራይሚያ ካርታና የጅቡቲ ድምፅ

ይድረስ ለተከበራችሁ አዘጋጅ፦

ባለፈው ሳምንት ሩሲያ ከዩክሬን ስለወሰደቻት ስለ ክራይሚያ ሕዝበ ውሳኔ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያነበብኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ጋዜጣው በሦስት ሰው እጅ አልፎ ነው የደረሰኝ። ጥጉ ላይ የፉል ዘይት ነበረበት። በዚያ አልቀየምም፤ ቅሬታዬ ሌላ ነው።

ርዕሳችሁ ዓለም ውድቅ ያደረገው ድምፅ ይላል። ከሥሩ ካርታ አለ። ካርታው ላይ ክራይሚያ የተቀባችው በሩሲያ ቀለም ነው። አወዛጋቢ መሆኑን የሚያሳይ ነጠብጣብ እንኳ የለም። አቦ! ወይ ርዕሱ ተሳስቷል፣ ወይ ካርታው።

ወደ ካርታው እመለሳለሁ። መጀመሪያ «ዓለም» ስላላችሁት ነገር ትንሽ ላውራ።

ድምፁ የተሰጠው መጋቢት 7 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። 96.77 በመቶው ሩሲያን መቀላቀል መረጠ ተባለ። መጋቢት 9 ሞስኮ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ጉድ ነው፤ እኛ ጋ አንድ የመሬት ጉዳይ እንኳ በሁለት ቀን አያልቅም። ከድምፁ በፊት በነበረው ቀን ሕዝበ ውሳኔው ዋጋ የለውም የሚል ረቂቅ ለጸጥታው ምክር ቤት ቀርቦ ነበር። 13 አገሮች ደገፉት። ቻይና ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች። ሩሲያ ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቷ ጣለችው። ስለዚህ ነገሩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ሄደ። እዚያ መጋቢት 18 ቀን 100 አገሮች የዩክሬንን የግዛት አንድነት ደገፉ፤ ሕዝበ ውሳኔውንም ዋጋ የለውም አሉ። 11 ተቃወሙ። 58 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። የቀሩት 24 ጭራሽ ድምፅ አልሰጡም።

እናንተ የጻፋችሁት መቶውን ብቻ ነው። ከ58ቱ አንዷ ግን ኢትዮጵያ ናት። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እየጻፉ ይህን መዝለል እንዴት ይሆናል? ስለ ዋሽንግተንና ስለ ብራሰልስ ማዕቀብ ሁለት ዓምድ ሙሉ አነበብኩ። ቡድን ስምንት ሩሲያን እንዳገደ፣ የሶቺው ስብሰባ ወደ ብራሰልስ እንደተዛወረ ነገራችሁኝ። ጥሩ። የገዛ አገሬ ምን እንዳለች ግን የነገረኝ ከጎኔ የተቀመጠ ጡረተኛ የምድር ባቡር ሰው ነው።

ሰፈራችንን ብቻ ብታዩ እንኳ ወሬው ሌላ ነው። ኬንያ፣ ጅቡቲ፣ ደቡብ ሱዳንና ኤርትራ እንደኛው ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያና ኤርትራ ያኔ ስልክ እንኳ አይደዋወሉም ነበር። ኒውዮርክ ላይ ግን አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ሶማሊያ ዩክሬንን ደገፈች። ሱዳን ከ11ዱ ተቃዋሚዎች ጋር ቆመች። ያቺ በ2003 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ደቡቧን ያጣች ሱዳን ማለት ነው። ይህን ሁሉ «ዓለም» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ማለፍ ያስቆጫል።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ድምፁ ልግባ። እኔ ስለ ሕዝበ ውሳኔ ስሰማ መቶኛውን አልጠይቅም። ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው። ወረቀቱ ላይ ምን ተጻፈ? የመራጮች መዝገቡ ላይስ ማን አለ?

የክራይሚያው ወረቀት ሁለት ምርጫ ነበረው። አንዱ ሩሲያን መቀላቀል ነው። ሁለተኛው የ1992ቱን (በእነሱ አቆጣጠር) ሕገ መንግሥት መልሶ፣ ሰፊ ሥልጣን ይዞ ዩክሬን ውስጥ መቆየት። ነገሩ እንዳለ ይቀጥል የሚል ሰው ምልክት የሚያደርግበት ሳጥን አልነበረም። መንገዱ ላይ ደግሞ መለያ ያልለጠፉ የታጠቁ ሰዎች ቆመው ነበር። ታታሮች፣ ማለትም ስታሊን አያቶቻቸውን በጅምላ ያጋዘባቸው ሰዎች፣ ምክር ቤታቸው አትምረጡ ብሏቸዋል። እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፤ ክራይሚያ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ሩሲያዊ ነው። በነፃ ቢጠየቅም ሩሲያ ያሸንፍ ይሆናል። ግን ወታደር በር ላይ ቆሞ የተቆጠረ ድምፅ ያንን ሊያሳየን አይችልም። ለእኔ የድምፁ ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው። የሰዉን እውነተኛ ፍላጎት ማወቂያውን መንገድ አበላሸው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። ድሬ ያደገ ሰው ስለ ጎረቤት ሕዝበ ውሳኔ ከቤቱ ይሰማል።

መጋቢት 10 ቀን 1959 ዓ.ም. ጅቡቲ ድምፅ ሰጠች። (መጋቢት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሁለቱም በዚሁ ወር፣ በሦስት ቀን ልዩነት።) አባቴ ያኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ጥያቄው ፈረንሳይ ጋር በአዲስ ሥርዓት ትቆያላችሁ ወይስ ትለያላችሁ የሚል ነው። የጎረቤት ስም ወረቀቱ ላይ የለም። ግን ሁሉም የሚያነበው ሌላ ነበር። ፈረንሳይ ከወጣች ሞቃዲሾ ትፈልጋታለች። ጃንሆይም ጅቡቲ የኢትዮጵያ ናት ብለው በግልጽ ተናግረዋል። የባቡራችን ጫፍ እዚያ ነዋ። ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ድሬ የምትበላው ከዚያ በሚመጣ ፉርጎ ነበር። የተቀረው ዓለምም ዝም አላለም። በታኅሣሥ 1959 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ድምፁ ነፃ እንዲሆን፣ የድርጅቱ ሰዎችም እንዲገኙ ጠየቀ። ፈረንሳይ አልተቀበለችም።

ውጤቱ 60 በመቶ ገደማ «ከፈረንሳይ ጋር» ሆነ። ከድምፁ በፊት ግን ሺዎች ሶማሌዎች ከጅቡቲ ተባርረው ነበር። የጎረቤታችን የአንዲት ሶማሌ እናት ወንድም ከእነሱ አንዱ ነው። ወደብ ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ፍራሽና አንድ ራዲዮ ይዞ እህቱ ቤት መጣ። አባቴ እንዳጫወተኝ፣ ውጤቱ ሲነገር ሰውየው በዚያው ራዲዮ ነው የሰማው። ቁጥሩ ሲነበብ «እኔ ስንተኛው ላይ ነኝ?» ብሎ ጠየቀ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ የአገሩ ስም ተቀየረ። የፈረንሳይ ሶማሌ መባሉ ቀርቶ የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት ተባለ። አሥር ዓመት አለፈ። ሚያዝያ 30 ቀን 1969 ዓ.ም. ያችው ጅቡቲ እንደገና ተጠየቀች። ከ99 በመቶ በላይ ነፃነት አለ። ሰኔ 20 ባንዲራ ተሰቀለ። አንድ ከተማ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት መልስ። ሰዉ ተለወጠ? ጥቂት ተለውጦ ይሆናል። ግን ጥያቄውም መዝገቡም ተለውጧል። በነገራችን ላይ በዚያው ክረምት የኦጋዴን ጦርነት እኛው ደጅ ደረሰ፤ የባቡሩ መስመርም ተቆረጠ። ያ ለብቻው ሌላ ደብዳቤ ነው።

እዚህም አካባቢ የሕዝበ ውሳኔ ትዝታ አለ። በ1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል መካከል ከ400 በላይ ቀበሌዎች የቱ ክልል እንደሚሆኑ ድምፅ ሰጥተዋል። ብዙው ወደ ኦሮሚያ ሄደ። ያንን የተከተለውን ያየ ሰው ቁጥር ተነገረ ማለት ነገር አለቀ ማለት እንዳልሆነ ያውቃል። ከዚህ በላይ አልገፋውም፤ ቡና የምንጠጣው አብረን ነው።

ጽሑፋችሁ መጨረሻ ላይ አንድ አስተያየት አለ። የዓለም ውግዘት ወረቀት ነው፣ መሬቱን የያዘው ያዘው የሚል። በዚህ አልስማማም። አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ሁሉ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ይይዛል። ለምን ሜክሲኮ ተባለ? ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በያዘች ጊዜ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሳይቀሩ ወረራውን አወቁላት። እውቅና ከነፈጉት ጥቂቶች አንዷ ሜክሲኮ ናት። ያኔ ሜክሲኮ አንድ ጥይት አልላከችልንም። አናውቅም ብቻ አለች። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ የአደባባይ ስም ሆና አለች። ከነፈጉት መካከል ሶቪየት ኅብረትም ነበረች፤ ይህንን ሞስኮ ያሉ ሰዎች ዛሬ ቢያስታውሱት ደስ ይለኛል።

ደግሞም እውቅና መንፈግ ኪስ ይገባል። በ2007 ዓ.ም. ቪዛና ማስተርካርድ ክራይሚያ ውስጥ ሥራ አቆሙ። የክራይሚያ ቡድኖች የሩሲያ ሊግ ውስጥ ገብተው ነበር፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ከለከላቸው። ለድሬ ልጅ ይሄኛው ከማዕቀቡ ሁሉ ይገባዋል። ቡድንህ አለ፣ ሜዳህ አለ፣ የገባህበት ሊግ ግን ተዘጋብህ።

እንግዲህ አንዱ ይጠይቀኛል፦ አንተ የሜክሲኮን አደባባይ እየጠራህ የኢትዮጵያን ድምፀ ተዓቅቦ ምን ትላለህ? በእኛ የበርጫ ቤት በዚህ ነገር ሁለት ምሽት ተከራክረናል። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤቴ «የደሃ አገር ሁለት ዝሆን ሲጣላ ሣር ውስጥ አይገባም» ይላል። ጡረተኛው ደግሞ «ኮሶቮ በ2000 ዓ.ም. ከሰርቢያ ስትገነጠል የደገፉት አገሮች ክራይሚያ ላይ ሕግ ጠቀሱ፤ እኛ ለምን እንሰለፍላቸው?» ይላል። ሁለቱም ከንቱ አልተናገሩም። እኔ ግን ተዓቅቦው አልተመቸኝም። የአፍሪካ አገሮች በ1956 ካይሮ ላይ ቅኝ ገዢ የተወልንን ወሰን እናክብር ብለው ተስማምተዋል። ያንን ስምምነት አጥብቀው ከያዙት አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ለምን እንደሆነም ኦጋዴን ያስረዳል። የወሰን ነገር የኛ ጉዳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የኬንያው አምባሳደር በጸጥታው ምክር ቤት ይህንኑ ሲናገር ሰማነው። ምነው የኛ ሰው በተናገረው ብዬ ቀናሁ።

ደግሞ ነገሩ በዚያ አላበቃም። ሩሲያ በ2015 መጀመሪያ ላይ በአራት የዩክሬን ግዛቶች ተመሳሳይ ድምፅ አስጠራች። ጥቅምት 2 ቀን ጠቅላላ ጉባኤው እንደገና ተቀመጠ። 143 አገሮች ተቃወሙት። ከሩሲያ ጎን የቆሙት፣ ራሷን ጨምሮ፣ 5 ብቻ ናቸው። 35 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያ አሁንም እዚያው ናት። ከ58ቱ ብዙዎቹ በስምንት ዓመት ውስጥ ቦታ ቀይረዋል፤ እኛ አልቀየርንም። ምክንያት ይኖረናል። ምክንያቱን ግን ማን ጠየቀ? ጋዜጠኛ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በር ከእናንተ ቢሮ ሩቅ አይደለም፤ ከድሬ ግን ሩቅ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። እንዲህ ያለ ዜና ስትሠሩ የምርጫ ወረቀቱን ጥያቄ ቃል በቃል ተርጉማችሁ አትሙልን። ማን እንዳልመረጠ ጻፉ። የኢትዮጵያንና የጎረቤቶቿን ድምፅ በአንድ ሳጥን አስቀምጡ፤ ከአንድ ማስታወቂያ የበለጠ ቦታ አይፈጅም።

ካርታውን ደግሞ አስተካክሉት። ከየት እንደወሰዳችሁት አልጠይቅም። ኢንተርኔት ላይ ያለው የጉግል ካርታ እንኳ ሩሲያ ሆኖ ለሚከፍተው አንድ ወሰን፣ ሌላ አገር ሆኖ ለሚከፍተው ሌላ ወሰን ያሳያል። እናንተ የምትታተሙት እዚህ አገር ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በድምፀ ተዓቅቦዋም ቢሆን ክራይሚያ የሩሲያ ናት ብላ አታውቅም። ነጠብጣቡን አድርጉበት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ
ከድሬዳዋ፣ ከዚራ