የዶክተሩን ማርቸዲስ ገዛኋት

ሰላም ነህ ወይ አንተ ጠፊ፣ ፍራንክፈርት ዋጠችህ እንዴ? እኔም ያው እንደምታውቀኝ ነኝ፣ ዛሬ እደውላለሁ ነገ እደውላለሁ ስል አንዱ በዓል አለፈ ሌላው መጣ፣ ከዛ በኋላማ ምን ብዬ ልጀምር ሆነ ነገሩ። ማዘር ደህና ናት፣ አሁንም አላገባም ወይ እያለች ትጠይቅሃለች። ሰፈራችን ግማሹ ፈርሷል፣ እሱን ሌላ ጊዜ አወራሃለሁ። አሁን የምጽፍልህ ስለ መኪና ነው፣ ይሄን ወሬ እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ ሌላ ሰው የለም፣ ባለቤቴ እንደሆነች ገና ሞተር ስል ተነስታ ሳህን ማጠብ ትጀምራለች።

ያቺን የዶክተሩን ክሬም ማርቸዲስ ታስታውሳታለህ አይደል? ኳስ እንዳትነካት ተብለን የምንባረርባትን። 240 ዲ ናት፣ 82 ሞዴል፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር፣ ልጃቸው ሊሸጣት ነው ሲሉኝ ሮጬ ሄድኩ። አሁን ሊብሬዋ በስሜ ነው። እና ሥራ የምሄደው በሷ ነው፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርሰው በሷ ነው፣ ለሰርግ ብቻ የምትወጣ ዕቃ አላደረኳትም።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው ቀለም ቀባት ነው ያለኝ። እኔ ደግሞ ቀለም መጨረሻ ነው አልኩ፣ አሁንም እንደዛ ነው የማስበው። ቆሞ የኖረ መኪና የሚበላሸው ላስቲኩ ነው፣ የፍሬን ላስቲኮች ደርቀው ነበር፣ የናፍጣ ቱቦዎቹ ሲታጠፉ ይሰነጠቃሉ፣ የእግሮቹ ቦኮላዎች፣ መጋጠሚያ ላይ ያሉት ላስቲኮች ማለቴ ነው፣ አልቀዋል፣ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ላይ ያለችው ክብ ላስቲክ ተተርትራ መኪናውን ታንቀጠቅጠው ነበር። ስለዚ በቅደም ተከተል መጀመሪያ ፍሬን ሲያዝ መቆም፣ ከዛ አለመሞቅ፣ ከዛ መሄድ፣ ከዛ ማማር። ባትላሜራው ምንጣፉን አንስቶ ወለሉን ሲያሳየኝ ግን ትንሽ ደነገጥኩ፣ ክሪክ የሚገባባቸው ቦታዎችና ከባትሪው ስር ያለው ላሜራ በዝገት ተበልቷል። በስቱኮ እንድፈነው ወይ አለኝ፣ እምቢ አልኩ፣ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደበት። ስቱኮ ዝገቱን ደብቆ ያሳድገዋል እንጂ አይገድለውም።

ሞተሩ ግን ጉድ ነው አቦ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለውም፣ ካንዴሌታዎቹ አሙቀውት አንዴ ከተነሳ ለመዞር ኤሌክትሪክ እንኳን አይፈልግም። የቫልቭ ሬጅስትሮ፣ የቫልቮቹን ክፍተት ማስተካከል ማለት ነው፣ ራሴ ተምሬ ነው የምሰራው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ማስገቢያው 0.10 ሚሊ ሜትር ማስወጫው 0.30። ጋሼ ሜካኒኩ ሙዚየም የገባ የግሪክ ታክሲ አለ እያለ ያወራ ነበር፣ ቀልድ መስሎኝ ሳጣራ እውነት ሆኖ አገኘሁት፣ 240 ዲ ነው፣ ከኔዋ በፊት የነበረው ቅርጽ፣ 76 ሞዴል፣ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሄዶ ስቱትጋርት የማርቸዲስ ሙዚየም ገብቷል። ለአንተማ ቅርብህ ነው፣ ሄደህ እየው።

አንድ ነገር ላስቅህ። በሮቿም የሚቆለፉት ሞተሩም የሚጠፋው በቫክዩም ነው፣ አየር በሚስብ ቀጭን ቱቦ፣ አንዷ ቱቦ አየር ካስገባች ቁልፉን አውጥተህ ኪስህ ትከተዋለህ ሞተሩ ግን ዱዱዱ ይላል። ቢሮ በር ላይ እንዲህ ሆነችብኝና ጥበቃው መኪናው ጋኔን አለበት አለ። ለዚሁ ተብሎ ኮፈኑ ውስጥ ስቶፕ የሚል ቀይ መጫኛ አለ፣ ከፍቼ ተጭኜ አጠፋኋት፣ ሰውየው እስካሁን ሲያየኝ ያማትባል።

አትሮጥም፣ አልዋሽህም። አዲስ ከፋብሪካ ስትወጣ 72 የፈረስ ጉልበት ነው የነበራት፣ ቱርቦ የላትም፣ እዚ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዛም ይቀነሳል። ሽሮ ሜዳን ወደ እንጦጦ ስወጣ ሚኒባሱ ሁሉ ክላክስ እያደረገ ያልፈኛል፣ ይለፍ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ በዚ መንገድ ስትሄድ ጉድጓዱን ታየዋለህ እንጂ አይሰማህም፣ ለዛ ስል ዳገቱን እችለዋለሁ።

ሰው ሁሉ ሽጠህ ኤሌክትሪክ ግዛ ይለኛል። ልክ ናቸው እኮ፣ ናፍጣ ሰልፍ ላይ ስቆም እኔም አስበዋለሁ። ግን የ2012ቱ ኤክሳይስ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን ከባድ አደረገው፣ በ2016 ደግሞ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ጭራሽ አይገባም ተባለ፣ እና አገር ውስጥ ያለችው 123፣ የኔዋ ቅርጽ መጠሪያ ነው፣ ያለችው ብቻ ናት። ሶማሌ ተራ አንዷ በተፈታች ቁጥር በር፣ ስፖኪዮ፣ የዳሽቦርድ ዕቃ ይገኛል፣ እዚ ከዛ ሌላ ምንጭ የለም። እናንተ ጋ 30 ዓመት አልፎት በደንብ የተያዘ መኪና ኤች የሚል ታርጋ ተሰጥቶት ዓመታዊ ታክሱ 191 ዩሮ ከምናምን ነው አይደል፣ እንደ ቅርስ ማለት ነው። እዚ ቦሎ ሳሳድስ መርማሪው ዞሮ ዞሮ አይቷት “ይቺ እስካሁን ትሄዳለች?” አለኝ፣ ከዛ ፍሬኗን ለክቶ ዝም አለ። ፍሬኗ አራቱም እግር ላይ ዲስክ ነው።

እና አሁን ወደ ጉዳዬ። የፊት መስታወቱ ላስቲክ ዝናብ ያስገባል፣ ክረምቱ ሳይገባ መቀየር አለበት፣ እና የአራቱን በር መቆለፊያ ቫክዩም እፈልጋለሁ። የበሮቹ ከተፈታ መኪና ላይ ቢሆንም ግድ የለኝም፣ ላስቲኩን ግን በምንም ተአምር አሮጌ እንዳትገዛ። የሻንሲ ቁጥሩን በቴሌግራም እልክልሃለሁ፣ ዋጋውን ንገረኝና እዚ ለእናትህ እሰጣለሁ። እህትህ ሰኔ ላይ ትመጣለች ብለውኛል፣ ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ ካላት ጠይቅልኝ፣ ላስቲኩ ተጠቅልሎ ይገባል።