ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ጠበቃው መቼ ይምጣ?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ጋዜጣችሁ ላይ ጠበቃ ተወደደ እያሉ የሚጽፉ አንባቢዎች በዝተዋል፣ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝና ከዋጋው በላይ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ። መንግስት አቅም ለሌለው ተከሳሽ ጠበቃ ያቆማል፣ በህግም አለ በተግባርም አየዋለሁ፣ የሚያቆመው ግን ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። እስቲ ልናገረው፣ ከረዘመባችሁ ቆርጣችሁ አውጡት።

ህገ መንግስቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ ይወከላል፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና በዚህ የተነሳ ፍትህ ሊጓደል የሚችል ከሆነ ደግሞ ከመንግስት ያገኛል ይላል። ጥሩ ነው። ግን ልብ በሉ፣ የሚያወራው ስለተከሰሰ ሰው ነው። ከሱ በፊት ያለው አንቀጽ 19 ስለተያዘ ሰው ነው፣ እዛ ላይ ዝም የማለት መብት አለ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለ፣ ተገዶ የተሰጠ ቃል ማስረጃ አይሆንም የሚልም አለ፣ የመንግስት ጠበቃ የሚል ግን የለም። አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከጠበቃው ጋር ይገናኛል ይላል፣ በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ህግም አንቀጽ 61 ላይ የታሰረ ሰው ወዲያው ጠበቃውን ጠርቶ ማነጋገር ይችላል ብሏል። ያው ጠበቃ ያለው ይጠራል። የሌለውስ ማንን ይጥራ? ከተያዘበት ቀን ጀምሮ ክስ እስኪመሰረት ድረስ ብቻውን ነው።

ከባድ ከባዱ ነገር ሁሉ ደግሞ የሚያልቀው እዛ መሀል ላይ ነው። ሰውየው ይያዛል፣ መርማሪ ፊት ይቀመጣል፣ ቃልህን ስጥ ይባላል። ደንግጧል፣ ሌሊቱን አልተኛም፣ አንዳንዱ አማርኛ በደንብ አይችልም፣ አብሮት የታሰረው ደግሞ እመንና ፈርም ቶሎ ትወጣለህ ብሎ መክሮታል (እስር ቤት ገብቶ የህግ አማካሪ የማይሆን ሰው እስካሁን አላየሁም)። ይፈርማል። ከዛ በኋላ ያ ወረቀት ከፋይሉ አይወጣም፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መርማሪው ዝም የማለት መብት አለህ ብሎኛል አላለኝም የሚለው ክርክር የሚመጣው ከወራት በኋላ ችሎት ላይ ነው፣ ያኔ ደግሞ አስገድደውኛል የሚለውን ማን ያምነዋል፣ በምን ያስረዳል።

ቀጥሎ የጊዜ ቀጠሮ ነው፣ ማለትም ሰውየው ታስሮ ምርመራው እንዲቀጥል ፖሊስ የሚጠይቀው ተጨማሪ ቀን። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ይላል፣ ዳኛው ይፈቅዳል፣ በህጉ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን መብለጥ የለበትም ግን ስንት ጊዜ ይሰጣል የሚለውን ያ የ1954ቱ ህግ አልገደበውም። ተጠርጣሪው ምን ትላለህ ተብሎ ሲጠየቅ የሚለውን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ "ጌታዬ ልጆች አሉኝ፣ የዋስ መብቴ ይጠበቅልኝ"። በቃ። ጠበቃ አብሮት ቢቆም ኖሮ ባለፈው ቀጠሮ ምስክር ልቀበል ነው ያላችሁት፣ ተቀበላችሁ ወይ፣ የቀረው ስራ የሰነድ ከሆነ ደንበኛዬ ውጭ ሆኖ ለምን አይሰራም ብሎ ይጠይቅ ነበር። ይሄ ጥያቄ ሲነሳ መርማሪው ፋይሉን እንዴት እንደሚያገላብጥ ላየው ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው።

አንድ እናት ልንገራችሁ። ልጃቸው በውንብድና ተጠርጥሮ ተይዞባቸው የዋስትና ማመልከቻ ሊያጽፉ እኔ ጋ መጡ። ልጄ ያን ሰዓት ጎሚስታ ቤት ነበር ጎማ እያሰራ፣ የሰራለት ልጅም ያውቀዋል፣ ፊት ለፊት ያለው ህንጻ ላይ ደግሞ ካሜራ አለ አሉኝ። እማማ ይሄን ለማን ተናገሩ ብላቸው "ለፖሊሱ ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሎኛል" አሉ። በኋላ ክሱ ከነማስረጃ ዝርዝሩ ሲደርሳቸው ኮፒውን አንብቤላቸዋለሁ፣ ስለ ጎሚስታውም ስለ ካሜራውም አንድ መስመር የለም። ልጁ አቅም የለኝም ብሎ፣ ፍርድ ቤቱ ተከላካይ ጠበቃ (መንግስት የሚያቆመው ማለት ነው) ይቁምለት ብሎ፣ ጠበቃዋ እስክትመደብ ወራት ሄደዋል። የካሜራው ቪዲዮ በላዩ ላይ ሌላ ተቀድቶበታል፣ ጎማ የሚሰራው ልጅ ስራ ቀይሯል ስልኩም አይሰራም። ጠበቃዋ ጎበዝ ናት፣ ኮሪደር ላይ ቆማ ፋይሉን እያገላበጠች የመከላከያ ምስክር አላችሁ ወይ ስትል እናትየው "ነበረን" አሏት።

ተከላካይ ጠበቆቹን ልወቅስ አይደለም። በፌደራል ደረጃ ጽህፈት ቤታቸው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ስር ነው፣ ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው፣ ከችሎት ችሎት ሲሮጡ የሚውሉ ልጆች ናቸው። ግን አስቡት፣ ዐቃቤ ህጉ ጀርባ ፖሊስ አለ፣ ፖሊሱ ይሄዳል ይጠይቃል ይበረብራል ላብራቶሪ ይልካል። ተከላካይ ጠበቃው ምስክር ልፈልግ ቢል በራሱ ታክሲና በራሱ የስልክ ካርድ ነው፣ የሚልከው መርማሪ የለውም። ደንበኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት በር ላይ አግኝቶት በእጅ ሰንሰለት እያለ ስለ ህይወቱ ሁለት ጥያቄ ጠይቆት የሚገባም አለ። እንዲህ ሆኖ ታዲያ ምኑን ነው የሚከላከለው፣ የቅጣት ማቅለያ ነው የሚጽፈው።

አንዳንድ ሰው ለሌባ በታክሳችን ጠበቃ ይቁም ወይ ይላል፣ ታክሲ ውስጥም ሰምቻለሁ። ወንድሜ፣ ሌባ መሆኑን በምን አወቅክ? ፖሊሱም ዐቃቤ ህጉም ዳኛውም የሚከፈላቸው ከዛው ታክስ ነው፣ አንዱ ወገን ብቻ ሲቀር ነው ወይ የቆጠብነው። ደግሞ ያልሰረቀው ገብቶ ሲቀመጥ የሰረቀው ሰፈር ውስጥ እየዞረ ነው፣ ይሄንን የተሰረቀውም ሰውዬ አይወደውም።

ጠበቃው መቼ ይምጣ የሚለው ሌላ ቦታ ተከራክረው መልስ የሰጡበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት አንድ የቱርክ ልጅ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር፣ ልጁ ሲያዝ ገና 18 አልሞላውም፣ ያለ ጠበቃ ፖሊስ ጋ ቃል ሰጠ፣ በኋላ ካደ፣ ግን በዛው ቃል ተፈረደበት። ፍርድ ቤቱ ያለው በመርህ ደረጃ ጠበቃ ከመጀመሪያው የፖሊስ ጥያቄ ጀምሮ መኖር አለበት፣ በኋላ የመጣ ጠበቃ የተበላሸውን አያቃናውም ነው። የተባበሩት መንግስታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2012 ባጸደቀው መርህ የተያዘም የታሰረም የተጠረጠረም የተከሰሰም ሰው በየትኛውም ደረጃ የህግ ድጋፍ ያግኝ ብሏል።

እኛ ጋ ደግሞ ተረኛ ዳኛ አለ፣ ተረኛ ዐቃቤ ህግ አለ፣ ተረኛ ችሎት ቅዳሜም ይሰየማል፣ ተረኛ ተከላካይ ጠበቃ ለምን አይኖርም? ሁሉም ፖሊስ ጣቢያ ላይ ይቁም ብል አቅም የለም እንደምትሉኝ አውቃለሁ፣ እሺ የጊዜ ቀጠሮ በሚታይበት ችሎት አንድ አንድ ይቀመጥ፣ ከዛ ይጀመር። ጠበቆች በየዓመቱ የተወሰነ አገልግሎት በነፃ የመስጠት ግዴታ በህግ አለባቸው፣ ያን ሰዓታቸውን ለምን እዛ አያውሉትም። የአዲስ አበባ፣ የባህር ዳር፣ የሀዋሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምሮ የህግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የህግ ድጋፍ ማዕከል ከፍተዋል፣ እኔ ራሴ ሰው ልኬ ተረድቶ ተመልሷል፣ ግን ብዙው ቤተሰብ መኖራቸውን አያውቅም፣ የሚያውቀው በር ላይ ያሉትን ጉዳይ ገዳዮች ነው፣ ጥብቅና ፈቃድ የላቸው፣ ዳኛውን አውቀዋለሁ እያሉ ብር ይቀበላሉ።

እስከዛው ሰው የተያዘበት ቤተሰብ የምለው አለኝ። ጠበቃ ሳላገኝ ቃል አልሰጥም ማለት ወንጀል አይደለም፣ ጥፋተኛም አያስብልም፣ ሰውየው ስሙንና አድራሻውን ተናግሮ ዝም ማለት ይችላል። ያልተረዳውን ወረቀት አይፈርም፣ ቋንቋው ሌላ ከሆነ ይተርጎምልኝ ይበል። ተመትቶ ከሆነ መጀመሪያ ዳኛ ፊት የቀረበ ቀን ይናገር፣ መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ፣ ህክምና ይታዘዝልኝ ይበል፣ ቆይቶ የተነገረ ቁስል ማንም አያየውም። አቅም የለኝም የሚለውንም ክስ እስኪመጣ አይጠብቅ፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይጠይቅ፣ ባይፈቀድለት እንኳን መጠየቁ ይመዘገባል። እናንተ ውጭ ያላችሁት ደግሞ ልብስና ምግብ ማመላለሱ እንዳለ ሆኖ የመዝገብ ቁጥሩን ያዙ፣ ያየ ሰው ካለ ስሙንና ስልኩን ዛሬውኑ ጻፉ፣ ካሜራ ካለ የህንጻውን አስተዳደር ቪዲዮውን እንዳያጠፋ በጽሁፍ ለምኑት፣ ማመልከቻውን እኔ እንኳን እጽፍላችኋለሁ።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። በየሳምንቱ የኮከብ ቆጠራ የምታወጡበት ቦታ አለ፣ ግማሹን ቀንሱና የነፃ ህግ ድጋፍ ማዕከላትን አድራሻ፣ የስራ ሰዓትና ስልክ አውጡበት። ቆርጬ ጠረጴዛዬ ላይ ለመለጠፍ ፕላስተሩን ገዝቼያለሁ።

ስሜ ይቆይልኝ፣ ማመልከቻ ጸሐፊው