ከሬዲዮው ጀርባ ያየሁት መድኃኒት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሐሙስ ስትደውዪ ያላነሳሁት በፋርማሲስትነት በምሠራበት ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ፣ በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል፣ ስለነበርኩ ነው፤ አትቀየሚኝ። የዚያን ሰሞን ያየሁትን ልንገርሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። በስልክ ከሆነ "እሺ፣ እሺ" ብለሽ ታልፊኛለሽ።

አንዲት እናት ተኝተው ነበር፤ እድሜያቸው ካንቺ ብዙም አይርቅም። እግራቸው አብጧል፣ ሽንታቸው ቀንሷል፣ የኩላሊት ምርመራቸውም ጥሩ አልነበረም። የሕክምና መዝገባቸው ላይ ያለው የደም ግፊት መድኃኒት ብቻ ነው፦ ኢናላፕሪልና የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። "እናቴ፣ ሌላ የሚወስዱት አለ?" አልኳቸው። "የለም ልጄ" አሉኝ። ልጃቸውን ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ይዘሽ ነይ አልኳት። በማግስቱ ፌስታሉን አልጋው ላይ ገለበጠችው። ዲክሎፌናክ ወጣ፤ አንድ ፍሬ ሁለት ፍሬ አይደለም፣ ብዙ ነው። "እሱማ ለወገቤ ነው፣ ማስታገሻ እኮ ነው" አሉ። እንደ መድኃኒት አልቆጠሩትም።

እማዬ፣ ይህን በደንብ ስሚኝ። ዲክሎፌናክ ወደ ኩላሊት ደም የሚያስገባውን ቧንቧ ያጠባል። ኢናላፕሪል የሚያስወጣውን ያሰፋል። የሚያሸናው ደግሞ የሰውነትን ውኃ ይቀንሳል። ሦስቱ ሲገናኙ ኩላሊት ደም የሚያጣራበት ግፊት ያጣል። ሐኪሞቹ በሽተኞቹን እየዞሩ ሲያዩ ነገርኳቸው። ዲክሎፌናኩ ቆመ፣ የግፊቱም መድኃኒት ለጥቂት ቀን እንዳይሰጣቸው ተደረገ። ሽንታቸው ቀስ እያለ ተመለሰ።

አንቺም የምትወስጂው እነዚያኑ ሁለቱን የግፊት መድኃኒቶች ነው። ፋሲካ ስመጣ ደግሞ ከሬዲዮው ጀርባ ዲክሎፌናክ አይቻለሁ። በዓሉን ላለማደፍረስ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ይቆጨኛል።

"መድኃኒት ቆጥሮ ለመስጠት 5 ዓመት ምን ያስተምራል?" ትዪኝ ነበር። ድሮ 4 ዓመት የነበረው የፋርማሲ ትምህርት 5 የሆነው ለዚህ ነው፤ ፋርማሲስቱ መድኃኒት ከሚሰጥበት መስኮት ወጥቶ በሽተኛው አጠገብ እንዲቆም። ግን ሰው አይበቃንም። ወደ ዋርድ ስሄድ መስኮቱ ላይ ሰው ይሳሳል፣ መስኮቱ ላይ ስቆም ዋርዱ ባዶ ይቀራል። ሰልፉ ሲረዝም ለአንድ ሰው ያለኝ ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በዚያች ጊዜ "ሌላ ምን ይወስዳሉ?" ብሎ መጠየቅ እንዴት ይቻላል? ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ "የለም" ማለት ነው። ሆስፒታሎች መድኃኒት በዋናነት የሚያገኙት ከመንግሥት አቅራቢው ነው። እዚያ ሲጠፋ ከሌላ ቦታ ለመግዛት ሂደቱ ረጅም ነው፤ በሽተኛው ግን አይጠብቅም። ማዘዣውን ይዞ ከተማውን ይዞራል። የከተማ አስተዳደሩ በሆነው በከነማ መድኃኒት ቤት ያጣውን ከግል መድኃኒት ቤት በውድ ይገዛል። ገንዘቡ ካልበቃው የ7 ቀኑን ፀረ ተሕዋስያን የ3 ቀን ብቻ ገዝቶ ይሄዳል። አንድ አባት ብራቸውን ሁለቴ ቆጥረው ማዘዣውን አጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ አይቻለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼም ከዓይኔ አልጠፉም።

እባክሽ ዲክሎፌናኩን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። የግፊቱን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ። ጉልበትሽን ሲያምሽ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ውሰጂ፤ በአንድ ጊዜ ከ2፣ በቀን ከ6 ፍሬ እንዳይበልጥ። ለክትትል ስትሄጂም ኩላሊትሽን በደም ምርመራ እንዲያዩልሽ ጠይቂያቸው።

ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። ታናሼ አጠገብሽ ትሁን። ከሬዲዮው ጀርባ ያለውን፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን፣ ጎረቤት የሰጠሽንም ሁሉ አውጥታ አንድ በአንድ ታንብብልኝ። ብዙ ጊዜ ቢወስድም ግድ የለም፣ ካርድ ሞልቻለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ